ቀዩ አፈርና የእኔ እጅ

“እጅሽ ያደርቃል” ብላ በሰው ፊት ያዋረደችኝ አስካለ ናት። አምና ክረምቱ እንደወጣ ነው። ልጆቻችንን አብረን ያሳደግን ጎረቤቴ ስለሆነች ይሆናል፣ እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

ሀና ማርያም ወንዙ ዳር ለሰፈሩ ሴቶች የአትክልት ቦታ ተሰጥቶን በየመደባችን እንሠራለን። ሰብሳቢያችን አስካለ ናት። የእኔ መደብ ጎድጓዳና ውሃ የሚያቁር ስለነበር፣ “ይሞላልሽ” ብላ ከወደ ሆለታ የመጣ ቀይ አፈር በገልባጭ አስደፋችበት። አመስግኜያት ነበር። እሱም ያናድደኛል።

ቀይ ሥርና ጥቅል ጎመን ተከልኩ። የሌሎቹ ሲንዠረገግ የእኔ ባለበት ቀረ። ውሃ አጠጣሁ፣ ማዳበሪያ ጨመርኩ፣ ጭራሽ ጠወለገ።

አዲስ ችግኝ የምንተክል ቀን አንዱን ላነሳ ስል አስካለ እጄን ያዘችኝ።

“ዘነቡ፣ አትንኪብን። እጅሽ ያደርቃል።”

“እሷ እንኳን ጎመን ቁልቋልም ታደርቃለች” አለች ከኋላ አንዷ። ሳቁ። አስካለም አብራ ሳቀች። አልበቃ ብሏት፣ “ዘር እየባከነ ነው፣ መደቡ ለሌላ ሰው ቢሰጥስ?” ብላ ለስብሰባ ቀጠረች። ከጡረታዬ ሌላ ጓዳዬን የሚደጉመው ያ መደብ ብቻ መሆኑን እያወቀች።

ከስብሰባው በፊት የግብርና ባለሙያ መጣች። አስካለ የራሷን መደብ አስጎብኝታት የእኔ ጋ ስትደርስ፣ “ተይው፣ ይሄ የእጅ ነገር ነው” ብላት ወደ ቤቷ ሄደች። ባለሙያዋ ግን ጎንበስ ብላ አንድ ቀይ ሥር ነቀለች። ሥሩ አጭርና ደንዳና፣ ጫፉ የተቃጠለ ይመስላል።

“እማማ፣ እጅዎ ምንም አላደረገም። አፈሩ አሲዳማ ነው። አሲድ ሲበዛ አፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይገድለዋል። ሥሩ ካልወረደ ደግሞ ውሃውንም ማዳበሪያውንም አያገኘውም።”

“አሉሚኒየም? የድስቱ?”

“እሱው። በየአፈሩ አለ፤ አሲድ ካላሟሟው ግን አይጎዳም። አሲዱን የሚያበርድ የእርሻ ኖራ ያስፈልግዎታል።”

ስብሰባው ላይ፣ ባለሙያዋ ያለችኝን ሳላነሳ፣ አንድ ወቅት እንዲታገሱኝ ለመንኳቸው። እያጉረመረሙ ፈቀዱልኝ። ኖራውን አስመጥቼ ማንም ሳይመጣ በማለዳ ከአፈሩ ጋር ቀላቀልኩት። ዘንድሮ ጎመኔ ከሁሉም በልጦ ጠቀለለ። ይቅርታ ያለኝ ሰው ግን የለም።

የአስካለን መደብ ደግሞ ጎርፍ አጥቦ ወሰደባት። ያኔ ከእኔ መደብ ከተረፈው ቀይ አፈር ሞላችበት። የተከለችው ሁሉ ባለበት ቀረ።

ባለፈው ሳምንት መደቤ ዳር መጥታ ቆመች።

“ዘነብዬ፣ ምን አድርገሽለት ነው እንዲህ ያማረልሽ?”

ስታዋርደኝ ዘነቡ ነበርኩ። ያደረቀብኝን አፈር ያስደፋችው ራሷ መሆኗ ዛሬም ያንገበግበኛል።

“እጄ ነው” አልኳት።

ስለ ኖራው አልነገርኳትም።