የመካኒክ ባህሩ ጆሮና ሁለቱ ሰብዉፈሮች

መካኒክ ባህሩ በ2001 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሸሕዲ ወደሚገኘው የሰሊጥ ገበሬው የአዱኛ ቤት የሄደው ሥራው አለ ወይ ብሎ ለመጠየቅ ነበር። የአዱኛን አራት ትራክተሮች ለአሥራ አራት ዓመት ሲጠግን ኖሯል። በየዓመቱ ዝናቡ የሰሊጥ መሬቱን ከማራሱ በፊት አዱኛ ራሱ እየመጣ «ጋሼ ባህሩ፣ ካምፕ እንውጣ» እያለ ወደ እርሻው ይወስደው ነበር። ዘንድሮ ግን አልመጣም። ከጎንደር ሌላ መካኒክ ሊያስመጣ ነው የሚል ወሬ ተሰምቷል።

ምክንያቱን ባህሩ ያውቀዋል። ባለፈው ክረምት የአንዱ ትራክተር ጎማ የሚዞርበት ኩሽኔታ ሲጥሲጥ ሲል ኦፕሬተሩ ሰምቶ ነግሮት ነበር። ባህሩ አጠገቡ ቆሞ አዳመጠና «ደህና ነው፣ ንዳው» አለ። በሦስተኛው ቀን ኩሽኔታው ተሰባበረና ትራክተሩ በዘር ወቅት አምስት ቀን ቆመ። ከዚያ ወዲህ «ባህሩ ደንቁሯል» ይባላል።

እዚህ ላይ ስለ ጆሮ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ዕድሜውን ሞተር አጠገብ ያሳለፈ ሰው ድምፅ ሁሉ እኩል አይጠፋበትም። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሄዱት ቀጫጭኖቹ ናቸው፦ የፌንጣ ድምፅ፣ የሕፃን ጩኸት፣ የኩሽኔታ ሲጥታ። እንደ ከበሮና እንደ ሞተር ጉርምርምታ ያሉት ወፍራሞቹ ግን ይቆያሉ። ባህሩ ይህን ከማንም አልተማረም፤ በራሱ ላይ አይቶታል። ለማንም ግን አልተናገረም።

አዱኛ ቤት ሲገባ የሠርግ ዘፈን ተከፍቷል። የአዱኛ ሚስት ውባንች ወንበር አቀረበችለት።

«እንኳን መጡልኝ፣ ጋሼ ባህሩ። ይህን ሆም ቴአትር እስቲ ይዩልኝ። ይኸ ሰውዬ ሁለተኛ ቤዝ ከገዛ ወዲህ ከበሮው ጠፋብኝ።»

«ምኑ ጠፋ? ሰፈሩ ሁሉ የሚሰማውን!» አለ አዱኛ።

ቤዝ የምትለው ሰብዉፈሩን ነው፤ የወፍራሙን ድምፅ ሥራ ብቻ የሚይዘውን ሣጥን። ከሆም ቴአትሩ ጋር የመጣው በርጩማ የሚያህል ነበር። አዱኛ አልበቃው ብሎ መተማ ዮሐንስ ከሽኩር ሱቅ የዚያን እጥፍ የሚሆን፣ የራሱ ማጉያ ያለው አሮጌ ሰብዉፈር ገዛ። ሽኩር «ተማም ነው፣ እንከን የለውም» ብሎታል። ሁለት ሲሆኑ ድምፁም እጥፍ ይሆናል ብሎ አሰበ፤ ማንም እንዲህ ያስባል።

ባህሩ ጎንበስ ብሎ መዳፉን ወለሉ ላይ አኖረ።

«ይሰማዎታል?» አለ አዱኛ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«ከበሮ የለም።»

አዱኛ ወደ ሚስቱ ዞረ። «አላልኩሽም? እሳቸው ለመድፍም አይነቁ።»

«እኔስ ደንቁሬአለሁ?» አለች ውባንች። «ሳምንት ሙሉ የምልህን ነው የነገሩህ።»

ባህሩ ቃሉ ባይለይለትም ፊታቸውን አይቶ ገባው። «ትልቁን አጥፋው» አለ። ጠፋ፤ ከበሮው ወለሉ ላይ መጣ። «አሁን ትልቁን አብርተህ ትንሹን ንቀል።» ከበሮው በረታ። «ሁለቱንም አብራ።» ከበሮው ጠፋ። አዱኛ ሦስት ጊዜ ደጋገመው፤ ሦስቴም እንዲያው ሆነ።

ነገሩ ቀላልም ድንቅም ነው። ሰብዉፈር የሚሰማው ፊቱ ላይ ያለው ክብ ወረቀት ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተመላለሰ አየር ሲገፋና ሲስብ ነው። አንዱ ሲገፋ ሌላው በዚያው ቅጽበት ከሳበ፣ ሁለቱም ይለፋሉ እንጂ ወፍራሙ ድምፅ አይሰማም። ቀጭኑ ድምፅ ግን ከሌሎቹ ትንንሽ ስፒከሮች መውጣቱን አያቋርጥም። ስለዚህ ጆሮው ደህና የሆነ ሰው ጩኸቱን እየሰማ ምንም አልጎደለም ሊል ይችላል።

«ገመዱን እኮ ቀይ በቀይ ነው ያሰርኩት» አለ አዱኛ።

«ቀለሙን የቀባው ሰው ነው። ባትሪ ድንጋይ አለህ? ትንሽ ሰሊጥም አምጣ።»

ሁለቱን ከየሣጥናቸው ፈትቶ ወረቀታቸውን ወደ ላይ አድርጎ አስቀመጣቸው፣ ሰሊጥም በተነባቸው። ከዚያ የባትሪ ድንጋዩን ሁለት ጫፍ በገመድ አስነካ። የትንሹ ወረቀት ወደ ላይ ተገፍቶ ሰሊጡን አፈናጠረ። በዚያው አነካክ የትልቁ ወረቀት ወደ ታች ሰመጠ። ትልቁን ከዚህ በፊት የጠገነው ሰው የውስጡን ገመድ ገልብጦ አስሮታል። ባህሩ የትልቁን ሁለት ገመዶች አቀያየረና መልሶ ገጠመው።

ከበሮው ተመለሰ፤ ትንሹ ግን ይንኮሻኮሽ ጀመር። አዱኛ ትልቁን ሲያስጮህ ትንሹም እኩል እንዲሆን ብሎ ከልኩ በላይ ከፍቶት ኖሯል። የማይመጣጠኑ ሁለት ሲጣመሩ ልኩ የደካማው ነው። ባህሩ ትንሹን መንኮሻኮሹ እስኪቆም ዝቅ አደረገው። ከዚያ እጁን ወለሉ ላይ አድርጎ፣ የሁለቱ ምት እኩል እስኪሆንለት ድረስ የትልቁን ቁልፍ ቀስ በቀስ ቀነሰ።

«ይኸው» አለች ውባንች። «ሠርግ ሆነ።»

ባህሩ እጁን አራገፈ። «አዱኛ፣ ቀጭን ድምፅ አልሰማም። ከሄደብኝ ቆየ። ያን ኩሽኔታ አልሰማሁትም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

አዱኛ ዘፈኑን ዝቅ አደረገ። «ታዲያ ዘንድሮ ሲጮህ በምን ሊያውቁ?»

«እስኪጮህ አልጠብቅም። ትራክተሩ የሠራበትን ሰዓት የሚቆጥር ጌጅ አለው። ግሪሱም በሰዓቱ፣ ኩሽኔታውም በሰዓቱ ይቀየራል። ከጮኸማ ለደህና ጆሮም ረፍዷል።»

«ኦፕሬተር ሲጥ አለ ካለ ግን ትራክተሩ ይቆማል። እርስዎ ደህና ነው ቢሉም ይቆማል።»

በአሥራ አራት ዓመት ባህሩን «ተሳስተዋል» ያለ ኦፕሬተር ኖሮ አያውቅም።

«ይቆማል» አለ ባህሩ።

«እንግዲያው ሰኞ ካምፕ እንውጣ።»

ሰኞ ዕለት ባህሩ ሞተር ከማስነሳቱ በፊት አራቱን ኦፕሬተሮች ሰብስቦ፣ የቱን ድምፅ እንደማይሰማ አንድ በአንድ ነገራቸው።