ወልዴ ባዶ ከረጢቱን ይዞ የተመለሰ ዕለት

የመጀመሪያው የበልግ ዝናብ ምድሩን መትቶ ሲያባራ፣ የሚነሳው የአፈር ሽታ አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ፣ ዛሬም ጥርሴን ነክሼ እገኛለሁ። ልጆቼ አምፖሉ ሥር የሚረግፈውን አሸን እያባረሩ ይስቃሉ፤ እኔ ግን ወልዴን አስባለሁ።

ደርግ ከወደቀ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። ቤታችን ከቦንጋ ወጣ ብሎ ዲንጫ ወንዝ አጠገብ ነበር፣ አባቴም በመንጠቆ ዓሣ እያወጣ ያበላን ነበር። ወልዴ ጎረቤታችን ነው፤ መሬት ያለው፣ ዘመድ የበዛለት፣ ዱላ ከእጁ የማይለይ ሰው። በዚያ በጋ የብርብራ ፍሬ አስወቅጦ፣ እኛ ከምናጠምድበት ጥልቅ ውሃ በላይ በተነው፤ ዓሣው ሁሉ ሰክሮ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፈፈ፣ እሱም ትልልቁን ለቅሞ ትንንሹን ዳር ላይ እንዲገማ ተወው። አባቴ ቢጨንቀው፣ «ጋሽ ወልዴ፣ ትንንሹን እንኳ ባይፈጁብን» አለው። ወልዴ በጥፊ አጮለው። አባቴ የወደቀ ባርኔጣውን አንስቶ፣ አራግፎ፣ እጄን ይዞ ወደ ቤት ወሰደኝ፣ አንዲት ቃልም አልተነፈሰም። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጥፊው እሱን ይምታው እንጂ ያበጠው የኔ ልብ ነው።

በልግ ገብቶ ውሃው ሲሞላ፣ ከላይ የተረፈው ዓሣ ወደኛ ወረደ። አሸን በሚፈላበት ቀን ዓሣ ሌላ ነገር አይቀምስም ነበር። በኛ ሰፈር ኩይሳው ላይ ቀድሞ የእንሰት ቅጠል የጣለ ሰው፣ የዚያ ኩይሳ አሸን የሱ ነው፣ ማንም አይነካበትም ነበር። አባቴ አሸኑን ከነክንፉ መንጠቆው ላይ ይሰካና፣ ክሩን ቅቤ ቀብቶ ውሃው ላይ ያንሳፍፈው ነበር፤ ዓሣውም ከታች መጥቶ ላፍ ያደርገው ነበር።

አሸኑ የፈላ ዕለት ወልዴ ከሺሺንዳ የመጡ ሁለት የሚስቱን ወንድሞች አስከትሎ መጣ፣ «ዓሣ ሳላበላችሁ አልሸኛችሁም» እያለ የኛ ቦታ ላይ ተቀመጠ። አባቴ ቦታውን ለቆለት ወደ ታች ወረደና፣ ከኩይሳችን አሸን እንዳመጣለት ላከኝ። ቅርጫቱን ሞላሁት። ወደ አባቴ ግን አልሄድኩም፤ በቁጥቋጦው ውስጥ ተሹለክልኬ ከወልዴ በላይ ወጣሁና ሁሉንም ወንዙ ላይ ደፋሁት። ተመልሼ ሞልቼ ደግሜ ደፋሁት። ውሃው ነጭ ሆነ፣ ዓሣው እየተጋፋ ይውጥ ጀመር። ወልዴ መንጠቆውን ቢጥል ቢያነሳ፣ የጠገበ ዓሣ ብቅ እያለ ይመለሳል።

«ወልዴ፣ የናንተ አገር ዓሣ ይጾማል እንዴ?» አለው አንደኛው።

«ቆይ፣ ይመጣል።»

«መምጣቱንስ መጥቶ ነበር፤ አንተን አይቶ ነው የተመለሰው!»

እየተሳሳቁበት ባዶ ከረጢቱን ይዞ ሲሄድ፣ አፌን በቀሚሴ አፍኜ ሳቅኩ። አባቴ ጋ ስደርስ ቅርጫቱን አየ፣ ቀሚሴ ላይ የተለጠፈውን ክንፍ አየ፣ ፊቱ አመድ መሰለ። ክንፉን አንድ በአንድ ይለቅምልኝ ጀመር።

«ቢያይሽ ምን ይውጠኝ ነበር? ደሞስ እኛ ምን ልንበላ ነው?»

«እሱም አይበላም» አልኩት።

ወልዴ ከሞተ ሰነበተ። ለቅሶው ላይ ንፍሮውን ሁለቴ አስጨምሬ በላሁ እንጂ እንባ አልወጣኝም። የአባቴ ዝምታ ግን ያን ጊዜ ያሳፍረኝ ነበር፤ ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ሆኜ፣ ሰው ደጄ ላይ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ፣ እኔም «እሺ ጌታዬ» እያልኩ በሬን እዘጋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረቤት መጥቶ ሲሰድበኝ፣ ታላቋ ልጄ ከኋላዬ ቆማ አፍጥጣ ታየው ነበር። ደንግጬ ጎትቼ አስገባኋት። ልቆጣት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣኝ ግን «ምን ልታደርጊው አሰብሽ?» የሚል ነበር።