ጫልቱን ያስጠናኋት እንግሊዝኛ

የስፌት መኪና ፔዳል ሲረገጥ የሚያወጣው ድምፅ የትም ብሰማው ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ወደነበረው ቤታችን በረንዳ ይመልሰኛል። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከሸዋ መጥቶ፣ አጋሮ ተወልዳ ያደገችውን እናቴን አግብቶ ጅማ የቀረ፣ ከፊደል በላይ ያልተማረ ሰው። እኔ አንድያ ልጁ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከመኪናው አጠገብ በርጩማ ላይ ያስቀምጠኝና የዕለቱን እንግሊዝኛ ጮክ ብዬ እንዳነብለት ያዝዘኝ ነበር፤ አንዲት ቃል ሳይገባው፣ እግሩን ከፔዳሉ ሳያነሳ፣ ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጠኝ ነበር። በዓለም ላይ የኔ ብቻ የሆነ ቦታ ቢኖር እሱ ነበር።

ስምንተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት፣ መስቀል አልፎ ትምህርት ሲጀመር፣ የእናቴ ወንድም ልጅ ጫልቱ ከአጋሮ መጣች። አባቷ በዚያው ክረምት ስለሞተ እኛ ዘንድ ሆና እንድትማር ተወስኖ ነበር። እኩያዬ ነበረች፤ የምንተኛውም አንድ አልጋ ላይ ነበር። መጀመሪያ ላይ ወድጃት ነበር፤ ምክንያቱ ደግሞ ያን ያህል የሚያኮራ አይደለም። አማርኛዋን ከኦሮምኛ ጋር እየደባለቀች እናቴን፣ የአባት እህት በኦሮምኛ በምትጠራበት ቃል፣ «አዳዳ፣ እንጨቱን ላምጣልህ?» ስትል በሳቅ እየፈረስኩ ሰው ሁሉ ፊት አርማት ነበር። በእንግሊዝኛው ግን ሁለታችንም ባዕድ ነበርን። እዚያ የምቀድማት በምንም አልነበረም።

ህዳር ገብቶ፣ የተለቀመው ቡና በየግቢው ተሰጥቶ ከተማው ሁሉ መጠጥ መጠጥ ሲሸት፣ ጫልቱ የአሜሪካዊውን የእንግሊዝኛ አስተማሪያችንን አነጋገር ቁርጥ እሱን አስመስላ ማውጣት ጀመረች። አባቴም ሁለተኛ በርጩማ አመጣ። አንድ ቀን ተራ በተራ አስነብቦን ሲያበቃ ክሩን በጥርሱ በጠስ አድርጎ፣ «ጽጌ፣ ያንቺም ጥሩ ነው። የጫልቱ ግን ይጥመኛል» አለ። ምን እንዳነበበች እንኳ ሳያውቅ! በዚያው ሳምንት ከካኪ ቁራጭ የደብተር ቦርሳ ሰፋላት። እኔ ካለፈው ዓመት ጀምሮ እንዲሁ ዓይነት ቦርሳ ነበረኝ፤ ቢሆንም የሷን በሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ ባየሁ ቁጥር የኔን ከላዩ ደርቤ እሰቅልበት ነበር። እበልጣታለሁ ብዬ እየጮህኩና እየፈጠንኩ ማንበብ ስጀምር አባቴ እጁን ያነሳና «ቀስ በይ እንጂ ልጄ፣ ማን ያባርርሻል?» ይለኝ ነበር። የሚያባርረኝ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ወሬ መጣ። ከአዲስ አበባ የትምህርት ሹም መጥተው፣ በእንግሊዝኛ ጠያይቀው፣ አንዲት ልጅ መርጠው ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት እንደሚወስዱ ተነገረን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጫልቱ ቃል ስትሸመድድ እኔ ስንት እንደያዘች ከከንፈሯ እቆጥር ነበር።

በሚያዝያ ዝናቡ ሲበረታ ወባ ያዛትና ከትምህርት ቀረች። አስተማሪያችን ስለምርጫ አነጋገር ያስተማረን በዚያው ሳምንት ነበር። «ላይክ ቤተር» ስንል «ዛን» እንደሚከተል፣ «ፕሪፈር» ስንል ግን «ቱ» እንደሆነ ሰሌዳው ላይ ጽፎ ደጋግሞ አስባለን። በአማርኛ ሁለቱም «ከ» ስለሆኑ ክፍሉ በሙሉ ይሳሳት ነበር፤ እኔ ግን በሁለተኛው ቀን ለይቼ ያዝኩት።

የሹሙ ፈተና ነገ ሊሆን ጫልቱ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ «ጽጌ፣ ያለፈኝን አስጠኚኝ» አለችኝ። አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም አስጠናኋት። አንድም አላጎደልኩባትም፤ «ፕሪፈር» ላይ ስደርስ ግን አፌ ራሱ ያወጣው ይመስል «ዛን» አልኩ። «አይ ፕሪፈር ሚልክ ዛን ቲ።» እሷም አምናኝ፣ ዓይኗን ጨፍና ደጋገመችው። እናቴ ሾርባ ይዛ ገብታ «ተባረኩ ልጆቼ» ስትለን ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

በማግስቱ ከዲሬክተሩ ቢሮ በር ላይ ተሰልፈን በየተራ ገባን። ጫልቱ ከኔ በፊት ነበረች። ስትወጣ ቀጥታ ወደኔ ሮጣ፣ ትኩሳቱ ገና ባልለቀቀው እጇ እጄን ያዘችና በጆሮዬ፣ «ተሳስተን ነበር! ‹ፕሪፈር› ካልሽ ‹ቱ› ነው፤ ‹ዛን› ብዬ አረሙኝ። አንቺ እንዳትሳሳቺ፣ እሺ?» አለችኝ።

ስሜ ተጠራና ገባሁ። ሹሙ ሌላ ሌላውን ጠይቀውኝ፣ ደህና መልሼ፣ በመጨረሻ ከጅማና ከአዲስ አበባ የትኛውን እንደምመርጥ በእንግሊዝኛ ጠየቁኝ። «አይ ፕሪፈር» ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ከሳምንት በፊት ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ አሁን ግን «ቱ» ብል ከጫልቱ እጅ የተቀበልኩት ሊሆንብኝ ነው። ከሹሙ ጎን የተቀመጠው አስተማሪዬ «ቀጥዪ» ለማለት ራሱን ነቀነቀልኝ። እኔ እግሬን እያየሁ ዝም አልኩ፤ እንደቆምኩ አሰናበቱኝ።

የተመረጠችው ጫልቱ ነበረች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል እሷ እናቷን ለመሰናበት አጋሮ ሄደች፤ አባቴም የመሄጃ ቀሚሷን ሊሰፋ ተነሳ። ቁመታችን አንድ ስለነበር እኔን በረንዳው ላይ አቁሞ የሷን ቀሚስ በኔ ላይ ይለካ ነበር። ሰማያዊ ቀሚስ ነበር፣ ነጭ አንገትጌ ያለው። እንባዬን ሲያይ ስፒሉን ከአፉ አውጥቶ «አንቺ ብትሄጂብኝ እኔ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለ። እኔ ግን ማባበያ መስሎኝ ፊቴን አዞርኩበት። የልቡን እንደተናገረ የገባኝ አድጌ፣ የራሴን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ስሸኝ ነው።

ጫልቱ ነርስ ሆና ናዝሬት ቀረች። እኔ እዚሁ ጅማ እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆንኩ፤ ሰላሳ ዓመት ሙሉ «ፕሪፈር»ን ባስተማርኩ ቁጥር ድምፄ ዝቅ ይልብኝ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ባለፈው ዓመት ስልክ ደውዬ፣ ያን ቀን አውቄ እንዳሳሳትኳት ነገርኳት።

«እኔ ‹ዛን›ን አላስታውስም» አለችኝ። «የማስታውሰው ወባ ሲያንቀጠቅጠኝ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ስታስጠኚኝ ነው። ሌላ ማን ነበረኝ?»

ያኔ የምቀናባት በእንግሊዝኛዋ፣ በቦርሳዋ፣ በአባቴ ጆሮ ነበር። ዛሬ እነዚያ ሁሉ ከውስጤ ወጥተዋል። አሁን የምቀናባት፣ ያንን ቀን እንዲህ አድርጋ ማስታወስ በመቻሏ ነው።