የሰኞው አባታችን

የጥብስ ቅጠል ትኩስ ቅቤ ላይ ሲወድቅ የሚሰጠው ሽታ ከእርጥብ ሰጋቱራ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ሲመጣብኝ፣ ቀኑ ምንም ቢሆን ሰኞ ይመስለኛል። ባለፈው ወር አስኮ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት በር ላይ ታክሲ ስጠብቅ፣ ከጎኑ ካለች ትንሽ ምግብ ቤት ይህ ሽታ ወጥቶ ያዘኝና፣ ሁለት ታክሲ ሰው ጭኖ ሲሄድ እያየሁ ደንዝዤ ቆምኩ። ሐሙስ ነበር። ያ የሰኞ ፍርሃት፣ ያደረግሁትን ሰው ያወቀብኝ የሚመስለኝ ፍርሃት፣ ግን እንደ ድሮው ተመለሰብኝ።

ልጅ ሆኜ የምንኖረው ኮልፌ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ፣ አምስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧ በሚጋራበት ግቢ ውስጥ ነበር። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ታናሽ ወንድሜ ቢኒያም ደግሞ ስድስት ዓመቱ ነበር። አባታችን የአይሱዙ ሹፌር ስለነበር፣ ማክሰኞ ጭኖ ወደ ጅማ መስመር ይወጣና እሁድ ይመለስ ነበር፤ ከተማ የሚውልባት ቀን ሰኞ ብቻ ነበረች። እናታችን ጌታን ተቀብላ የጴንጤዎች ቤተ ክርስቲያን መሄድ ስትጀምር እሱ ኦርቶዶክስ እንደሆነ ቀረ፤ ለሁለት ዓመት ያህልም እሷ ለእሱ የጾም እየሠራች፣ እሱም የእሷን መዝሙር ሳይወድ እየሰማ፣ እንደምንም ኖሩ።

አንድ እሁድ ግን ከመንገድ ደክሞት ሲገባ፣ ቤቱ ለጸሎት በመጡ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ተሞልቶ፣ ማዕድ ቀርቦላቸው ሲበሉ አገኛቸውና፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ በገዛ ቤቴ መቀመጫ አጣሁ ብሎ ጮኾ፣ ሁሉንም የጎረሱትን ሳይውጡ አስነሥቶ አስወጣቸው። ሰውን ከማዕድ አስነሥቶ ማባረር በእኛ ሰፈር ከድብደባ የሚብስ ነውር ነበር። እናቴ አላለቀሰችም፤ ሳህኖቹን ሰበሰበችና «እንግዶቼ የተነሡበት ማዕድ ላይ ከእንግዲህ ካንተ ጋር አልቀርብም» አለችው። ከዚያች ቀን በኋላ አብራው አልበላችም።

ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ተቀመጡ። በመጨረሻ የተስማሙት፣ የእናታችን ልብ እስኪመለስ አባታችን ወንድሙ ዘንድ እንዲቆይ፣ እሷ ሳትፈቅድ ወደ ቤት ዝር እንዳይል፣ ሰኞ ሰኞ ግን እኔንና ቢኒያምን ምግብ ቤት ወስዶ ምሳ እንዲያበላን ነበር። ለትልልቆቹ ይህ ፍርድ ነበር፤ ለእኛ ግን ድግስ ነበር። ያኔ በሰፈራችን ምግብ ቤት ገብቶ፣ ወንበር ስቦ፣ አዝዞ የሚበላ ልጅ አልነበረም። የግቢው ልጆች ማክሰኞ ጠዋት ከበውን ምን እንደበላን ያስወሩን ነበር፣ ቢኒያምም ያልበላነውን ሁሉ እየጨመረ ያወራላቸው ነበር።

የጀመርነው መስከረም ላይ ነው። ትምህርታችን ጠዋት ፈረቃ ስለነበር፣ ስንወጣ አባዬ እትዬ ብርቄ ምግብ ቤት በር ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ቤቷ አራት ጠረጴዛ ብቻ ያላት፣ ወለሏ ጭቃ እንዳይይዘው ከጎረቤት አናጢዎች የመጣ ሰጋቱራ የሚነሰነስባት ነበረች። ማክሰኞ ማክሰኞ ነገ ረቡዕ ነው እያለ ሥጋ የሚበላው ጾመኛ መቀመጫ እስኪጠፋ ይሞላት ነበር፤ ሰኞ ግን ሰው ሁሉ የእሁዱን ወጥ ቤቱ ስለሚጨርስ፣ ብዙ ጊዜ እኛ ብቻ ነበርን። አባዬ ጃኬቱን አውልቆ ወንበር ላይ ሰቅሎ፣ እጃችንን በየተራ አስታጥቦ፣ ጥብሱ እየጮኸ ሲመጣ ትልልቁን ሥጋ እየመረጠ ያጎርሰን ነበር። ጊቤ በረሃ ላይ የመኪናውን ስፖኪዮ እያየ ጥርሱን ስላገጠጠው ዝንጀሮ ሲነግረን፣ ዝንጀሮውን ሆኖ ፊቱን ሲያጣምም፣ እትዬ ብርቄ ሳትቀር ከጓዳ ወጥታ ትስቅ ነበር።

ቤት የነበረው አባታችን እንዲህ አልነበረም። እሱ እሁድ ሲገባ ዝም በሉ ደክሞታል የምንባልለት፣ ጀርባውን ሰጥቶን የሚተኛ፣ ኳስ ግድግዳ ሲነካ የሚቆጣ ሰው ነበር። ሁለት አባት ያለን ይመስለኝ ነበር፣ አንዱ የቤቱ፣ አንዱ የሰኞው። እኔ የምወደው የሰኞውን ነበር።

ኅዳር ገብቶ ብርዱ ሲጠና፣ አባዬ አንድ ሰኞ ባለ ሁለት ድርብ አዲስ የአሉሚኒየም ምሳ ዕቃ ይዞ መጣ። በልተን ስናበቃ እትዬ ብርቄን ከታች ጥብስ አስሞልቶ፣ ከላይ እንጀራ አስጠቅልሎ፣ ክዳኑን በራሱ እጅ ገጥሞ ሰጠኝና «ለእናትሽ ስጫት። ዕቃውን ሰኞ ይዘሽልኝ ነይ» አለኝ። ሌላ አላለም፣ ማለትም አያስፈልገውም ነበር። በእኛ ግቢ ምግብ የሄደበት ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ እፍኝ ቆሎም ቢሆን፣ ቁራሽ ዳቦም ቢሆን ተደርጎበት ነው የሚመለሰው። የተኳረፉ ጎረቤቶችም ታርቀናል የሚባባሉት አፍ አውጥተው ሳይሆን በዚህ ነበር፤ ዕቃው ባዶውን ከተመለሰ ግን ኩርፊያው እንዳለ ነው ማለት ነው። ዕቃ የማመላልሰው እኔ ስለነበርኩ ይህን ሕግ ከማባዛት ቀድሜ ነው ያወቅሁት።

እናቴ ደግሞ በዚያው ሰሞን ልብስ እያጠበች ለጎረቤታችን ስታወራ ሰምቻት ነበር። ድንጋይ አይደለሁም፣ አንዲት ነገር ቢልክልኝ ይቅርታ እንደጠየቀ እቆጥርለት ነበር፣ ኩራቱ ግን አይለቀውም ትል ነበር። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ በእኔ እጅ ነበር። ምሳ ዕቃውን ለእናቴ ብሰጣት አንድ ነገር አድርጋበት ትመልሰዋለች፣ አባታችን ቤቱ ይገባል። እሱ ቤት ከገባ ግን እትዬ ብርቄ ጋ የሚወስደን ነገር የለም፤ የሰኞው አባታችን ይቀርና የቤቱ ይመለሳል። ይህን ሁሉ ከምግብ ቤቱ እስከ ፌርማታው ባለው መንገድ አስቤ ጨረስኩ።

ከፌርማታው በላይ የተዘጋ ወፍጮ ቤት ነበረ። ቢኒያምን ይዤ ከኋላው ገባሁና ክዳኑን ከፈትኩ። ጠግበን ነበር፣ ቢሆንም በላን። ቢኒያም የእማዬ አይደል ወይ ሲለኝ፣ እማዬ የእሱን አትበላም፣ ካየችው ታዝናለች ብዬ ዋሸሁት፤ ልጅ ነውና አመነኝ። ምሳ ዕቃውን ቦኖ ላይ በአመድ ፈትጌ አጥቤ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከደብተሮቼ መሀል ከትቼ ግቢ አስገባሁና ከማገዶው ቁልል ሥር ደበቅሁት።

የሚቀጥለው ሰኞ አባዬ ገና ሳንቀመጥ እጁን ዘረጋ። ክዳኑን ከፈተ፣ የላይኛውን አንሥቶ የታችኛውን አየ፣ መልሶ ገጠመው። እንደ ሁልጊዜው እጃችንን አስታጠበን፣ እንደ ሁልጊዜው አጎረሰን፣ ስንወጣም ዕቃውን እንደገና አስሞልቶ ሰጠኝ።

ታኅሣሥም ጥርም እንዲህ አለፉ። የምበላው ነገር እየጣፈጠኝ አልነበረም፤ ዓይኔ ምሳ ዕቃው ላይ ነበር። አንድ ሰኞ ትንሽ ቆሎ ራሴ ጨምሬበት ልመልሰው አሰብኩና፣ ያን ጊዜ ደስ ብሎት ተነሥቶ ወደ ቤት ቢመጣስ ብዬ ተውኩት። ሌላ ሰኞ ደግሞ ወፍጮ ቤቱን አልፌ፣ ምሳ ዕቃውን እንደሞላ ይዤ እስከ ግቢያችን በር ደርሼ ነበር። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ሳያት፣ ይህን ብሰጣት የእስከ ዛሬውስ የት ገባ ትለኛለች ብዬ ፈራሁና፣ ደብተር ረሳሁ ብዬ ተመለስኩ። ብበላው ባልበላው፣ ብሰጣት ባልሰጣት፣ መውጫ አልነበረኝም። ቢኒያም እናቴ ፊት ስለ ሰኞ ማውራት በጀመረ ቁጥር ከጠረጴዛ ሥር እግሩን እረግጠው ነበር።

ሁዳዴ ሲገባ ምሳ ዕቃው የሚቀር መስሎኝ እፎይ አልኩ። አልቀረም። አባዬ የነቢያትን ጾም ባይጾምም ሁዳዴን አጥብቆ ስለሚይዝ ሦስታችንም ሽሮ እንበላ ነበር፤ ምሳ ዕቃው ግን እንደ ወትሮው ሞልቶ ይወጣ ነበር፣ ከወፍጮ ቤቱም ኋላ እንደ ወትሮው ያልቅ ነበር።

ፋሲካ አልፎ ግንቦት ሲጠባ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ በጀመረበት አንድ ሰኞ፣ አባዬ ዕቃውን ከፍቶ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ቆየበት። ወደ በሩ ብርሃን አዙሮ ውስጡን አየና፣ ክዳኑን ቀስ ብሎ ገጥሞ «እናትሽ ዕቃ ስታጥብ ጎበዝ ናት» አለ። እትዬ ብርቄ ልትሞላው ስትቀበለው ይቅር ይበቃል አላትና፣ ዕቃውን እዚያው እሷ ዘንድ ትቶት ወጣ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰኞ ብቻ መጣ። ጃኬቱን አላወለቀም፣ አላወራም፣ ቢኒያም ስለ ዝንጀሮው ንገረን ሲለው ብላ አለው። የቤቱ አባታችን ምግብ ቤት ድረስ መጥቶ ነበር። በሦስተኛው ሰኞ ቆመን ጠበቅነው፣ ዝናቡ አበሰበሰን፣ እትዬ ብርቄ ሻይ አጠጥታ ወደ ቤት ሰደደችን።

ክረምቱ ሳይወጣ ጅማ አንድ የእህል ነጋዴ ዘንድ ተቀጥሮ እዚያው መቅረቱን ሰማን፤ ከዓመት በኋላም ሌላ ትዳር መያዙን። ለበዓል ለበዓል ለእኛ ልብስ ይልክ ነበር። እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ታሞ ሞተ። እናቴ ጥቁር ለብሳ ለቅሶ ተቀመጠች፤ ሰው ቢገረምም ማንንም አልሰማችም። ሴቶቹ መሀል ሆና «ለሰው ሁሉ ዕቃ ሲያደርስ የኖረ ሰው፣ ለእኔ አንዲት ነገር ሳይልክልኝ ሄደ» ስትል፣ እነሱ አብረዋት አለቀሱ፤ እኔ ወጥቼ ግቢው ቧንቧ ላይ የበላሁትን ሁሉ አስታወክኩ። ያን ቀን ልነግራት ይገባኝ ነበር። አልነገርኳትም።

አሁን እናቴ ወደ ሰባው እየተጠጋች ነው። እትዬ ብርቄ ቤት መንገዱ ሲሰፋ ፈርሷል። እኔ አስኮ ነው የምኖረው፤ ሰኞ ሰኞ ኮልፌ ሄጄ እናቴን እዚያው አንድ ምግብ ቤት ወስጄ ምሳ አበላታለሁ። ቀኑን የመረጠችው እሷ ናት፣ ሰኞ ምግብ ቤቱ ጭር ስለሚል። ቢኒያም ስልክ ሲደውል የድሮዎቹን ሰኞዎች እያነሣ ይስቃል፣ የልጅነቱ ምርጥ ቀኖች እነሱ ናቸው፤ ወፍጮ ቤቱን ጨርሶ ረስቶታል። እኔ ግን ለዓመታት በየሰኞው ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ ሄጄ፣ ስለ ልጆቼ አውርቼላት እመለስ ነበር።

ያ ሽታ አስኮ ላይ ከያዘኝ ሐሙስ በኋላ በመጣው ሰኞ ነገርኳት። አስተናጋጇ የተረፈውን ምግብ በካርቶን ልታሽግልን ወስዳው ነበር። ከኅዳሩ ጀምሬ እስከ ግንቦቱ ድረስ፣ ወፍጮ ቤቱንም ቦኖውንም፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። እናቴ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ እንድትቆጣኝ ጠበቅሁ፣ እንድታለቅስም ጠበቅሁ።

«በሁዳዴም ልኳል?» አለችኝ።

«በሁዳዴም።»

«በሁዳዴ ምን ይልክ ነበር?»

ያን ጊዜ ነው ያስታወስኩት። እኛ ሽሮአችንን ስንበላ እትዬ ብርቄ እየተነጫነጨች፣ ከጾሙ ዕቃ ጋር እንዳይነካካ ጓሮ የተቀመጠ መጥበሻ ታወጣ ነበር። አንዴ ጾመኛ ሆነህ ይህን ታዛለህ ወይ ስትለው፣ አባዬ የምትበላው ሰው አለች አላት፤ አንገቱን ደፍቶ ነበር። እናቴ እንደማትጾም ያውቅ ነበር። በእምነቷ ተቆጥቶ እንግዶቿን ከማዕድ ያስነሣ ሰው፣ በገዛ ጾሙ መሀል ለእሷ የፍስክ ያሠራ ነበር። ከዚያ የሚበልጥ ይቅርታ አልነበረውም፣ እኔና ቢኒያም ደግሞ ከወፍጮ ቤት ኋላ እጃችንን እየላስን በላነው።

«እንቁላል» አልኳት።

እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበችው። ከዚያ «ዕቃውን ሲከፍት ፊቱን ታዪው ነበር?» አለችኝ።

«አየው ነበር፣ እማዬ።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፣ እኔም በይኝ ማለት አልደፈርኩም። አስተናጋጇ ካርቶኑን አምጥታ መሀላችን አስቀመጠችው።

ዛሬ ልጆቼ ምግብ ቤት ለመብላት ቀን አይጠብቁም፤ የተረፈውን ይዘው ይመጣሉ፣ ካርቶኑም ይጣላል፣ የሚመልሰው ሰው የለም። እኔ በእነሱ ዕድሜ ሰኞ እንዳይቀርብኝ ስል አባቴን ከቤቱ አስቀረሁት። አሁን ሰኞ አንድም ሳምንት ሳይቀር ይመጣል፤ እናቴና እኔ ፊት ለፊት እንቀመጣለን፣ ከዚያን ቀን ወዲህ እሷ የምታዘው እንቁላል ነው፣ እኔም ስትበላ አያታለሁ።