የአውሮፕላን ጋቢና

የእህቴ ባል በሕይወቱ ሦስት ጊዜ አውሮፕላን ተሳፍሯል። ሦስቱንም ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ለሥልጠና አዲስ አበባ ልኮት ነው። ከዚያ ወዲህ ሐረር ውስጥ እሱን ሳያማክር የሚበር ሰው ያለ አይመስለውም። ስለ ክንፉ ያወራል፣ የትኛው መስኮት ፀሐይ እንደሚያስገባ ያወራል፤ እህቴ ደግሞ አፏን ከፍታ ትሰማዋለች። እኔ እንዲህ ዓይነቱን ሰው አልችለውም። ፊቱን ሳይ ራሱ ይደክመኛል።

አባቴ በወታደርነት ከጎንደር መጥተው ሐረር የቀሩ ሰው ናቸው። ያሳደገቻቸው ታላቅ እህታቸው በጠና መታመሟን የሰሙ ቀን፣ «በእግሬ ገብቼ ነው የምስማት፤ ሰው ደግፎኝ ካየች የራሷን ሕመም ትታ ለእኔ ታለቅሳለች» አሉ። ከዚህ ሌላ ምንም አልፈለጉም። ችግሩ ቀኝ ጉልበታቸው ነበር። በግድ ታጥፎ ከቆየ ያብጥና አላስቆም ይላቸዋል። መንገዱ ደግሞ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ጎንደር ነው።

የእህቴ ባል ስልኩን አውጥቶ የመቀመጫውን ሥዕል እንደ ጦር ካርታ ዘረጋልን።

«አቦ፣ ሸዋ በር ላይ ሚኒባስ ስንሳፈር ሽማግሌ የት ነው የምናስቀምጠው? ጋቢና! የአውሮፕላኑ ጋቢና ይሄ ነው፤ የአደጋ ጊዜ መውጫው በር ጋ። እግር እስኪበቃው ይዘረጋል።»

ቤቱ በሙሉ ተደሰተ። አባትን ከኋላ ማስቀመጥ ነውር ነዋ! እኔ ግን አውቅ ነበር። ከዓመት በፊት በበረርኩበት ጊዜ አንዲት አሮጊትን ከዚያው በር አጠገብ አስነስተው ሲያዛውሯቸው በዓይኔ አይቻለሁ። ለአባቴ የሚሻላቸው በግራ በኩል ከመተላለፊያው ዳር ያለው ወንበር ነበር፤ ቀኝ እግራቸውን ወደ ውጭ ይዘረጉበታል። ይህን ለመናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር። ነገር ግን ከእሱ ጋር መከራከር ራሴን ማዋረድ መሰለኝ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ብዬ በሆዴ ሳቅሁና ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ሲዋረድ ለማየት ቸኩዬ ነበር።

ድሬዳዋ ላይ እኔና አባቴ ተሳፍረን ገና ቀበቶ ሳናስር አስተናጋጇ መጣች።

«አባባ፣ አደጋ ቢያጋጥም ይህን በር ከፍተው ሰው ማስወጣት ይችላሉ?»

«ወታደር ነበርኩ» አሉ አባቴ።

ልጅቷ ከዘራቸውን አየች። በትሕትና ይቅርታ ጠይቃ አስነሳቻቸው፤ አንድ ጎረምሳ ከኋላ ጠርታም በእሱ ቦታ፣ መስኮት ጥግ አስገባቻቸው። መተላለፊያው ዳር የተቀመጠውን ሰው ቦታ እንዲቀይራቸው ልለምን ስል፣ «ሰው አታስነሳ» ብለው ተቆጡኝ። ተመልሼ ጤነኛ እግሮቼን እዚያ ሰፊ ቦታ ላይ ዘርግቼ ተቀመጥሁ። ሊያፍር የሚገባው ሰው ሐረር ቀርቶ ነበር። ታዲያ ሲዋረድ ማንን ልይ?

አዲስ አበባ ስንደርስ ባንኮኒው ጋ ሄጄ ስለ ጉልበታቸው አስረዳሁ፤ የመተላለፊያ ዳር ወንበሮች ሁሉ ተይዘዋል ተባልኩ። ሁለተኛውንም በረራ አባቴ ጥግ ላይ ታጥፈው ጨረሱት።

ጎንደር አውሮፕላኑ ቆሞ ሰው ሁሉ ሲወርድ እሳቸው መነሳት አልቻሉም። ሁለት ጊዜ ሞከሩ። ጉልበታቸው ሱሪያቸውን ወጥሮታል። ተሽከርካሪ ወንበር እስኪመጣ ከጎናቸው ቁጭ አልኩ፤ ዝም ማለት ስላቃተኝም ስለ አሮጊቷ ነገርኳቸው።

«ታውቅ ነበር?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ንቄው ነው። ከእሱ ጋር አፍ መካፈት አልፈለግሁም።»

አባቴ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«የናቅኸው እሱን ነው» አሉኝ፤ «ጉልበቱ ግን የእኔ ነበር።»

አክስቴ ቤት ስንደርስ ከአየር ማረፊያው በተዋስነው ተሽከርካሪ ወንበር ገፍቼ አስገባኋቸው። አክስቴ ከአልጋዋ ቀና ብላ አየቻቸውና ማልቀስ ጀመረች።