ደወል የደወለው አውሬ

የልጅ ልጄ የትምህርት ቤት መጽሐፉን ጭኔ ላይ ዘርግቶ ሥዕል ሲያሳየኝ በልጅነቴ ያየሁትን አውሬ አወቅሁት። ጅራቱ ነጭና ጥቁር ቀለበት የተደረደረበት፣ ዓይኑ ቢጫ እንስሳ ነው። ሌሙር ይባላል፣ አገሩም ከባሕር ማዶ ነው አለኝ። እኛ ግን ስም አጥተንለት ነበር። ጉሬዛ እንዳንለው አፉ እንደ ቀበሮ ሾሏል፤ ድመት እንዳንለው እጁ የሰው ነው።

ጣሊያን ደብረ ታቦር በገባ ጊዜ ነው። የጦሩ ሹም ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ በሰንሰለት አስሮ ያኖረው ነበር። አንድ ቀን በጥሶ ጠፋ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ከቤታችን በላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን ደወል ያለ ሰዓቱ ጮኸ። ሮጠን ስንደርስ አውሬው የደወሉ እንጨት ላይ ተንጠልጥሏል፤ አንገቱ ላይ የቀረው ሰንሰለት የደወሉን ድንጋይ ይመታዋል።

በአገራችን ደወል ደውሎ የተማጸነ ነፍሰ ገዳይ እንኳ ተላልፎ አይሰጥም። ይህስ? ሁሉም ግራ ገባው። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ አውሬው ከቅጥሩ ላይ እንደ ሰው ተቀመጠ፤ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ከደነ። አሮጊቶቹ አማተቡ። ጾም ነበርና ከወይራ ቅጠል በቀር ምንም አለመቅመሱ ነገሩን አባሰው። ባሕታዊ ነው ያሉም ነበሩ። እኔም አምኜ ነበር፣ ምን ልዋሽህ።

በዚያው ቀን ባንዶች መጥተው አባቴን ከማሳው ወሰዱት። አውሬው በአጥራችን ሲዘል ታይቷልና እስከ ነገ ካልተገኘ አባቴ ይሰቀላል አሉ። እናቴ እኔን አስከትላ ወደ ቄሰ ገበዙ ሄደች። ሽማግሌዎቹ ከዛፍ ሥር ሲከራከሩ ውለው አንድ ነገር አልቆረጡም። ሰው ከሆነ መስጠቱ ኀጢአት ነው፤ አውሬ ከሆነ ደግሞ ማን ደወል አስተማረው?

«አባ፣ አንቱ ፍረዱ» አለች እናቴ። «ሰው ነው ወይስ አውሬ?»

«አላውቅም፣ ልጄ» አሉ ቄሰ ገበዙ።

በነጋታው ፀሐይ ስትወጣ እናቴ ወደ ቅጥሩ ቀረበች። አውሬው እንደ ትናንቱ እጁን ዘርግቶ ነበር። አልሸሸም። ብድግ ስታደርገው አንገቷን አቅፎ ጉሮሮው ውስጥ እንደ ድመት ያንጎራጉር ጀመር። ከኋላ ስከተል ጥቁር መዳፉን አያለሁ፤ ጥፍር ያለው፣ ለስላሳ፣ የሕፃን መዳፍ የመሰለ። ከጦሩ ሰፈር በር ስንደርስ ወታደሩ የአውሬውን ጣቶች ከእናቴ ሹሩባ አንድ በአንድ እየፈለቀቀ ወሰደው። ጩኸቱ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አባቴ በደኅና ተመለሰ። እናቴ እግሩን እያጠበች ስታለቅስ «ለአንዲት ጦጣ ነው?» ብሎ ሳቀባት።

ከዚያ ወዲያ ግን ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ከቅጥሩ ውጭ ትቆማለች እንጂ ወደ ውስጥ አልገባችም። ቄሰ ገበዙ ራሳቸው ወጥተው፣ ተናዘዢና ልፍታሽ፣ ግቢ ብለው ለመኗት።

«ማንን እንደ ሰጠሁ ሳላውቅ፣ አባ፣ ምን ብዬ ልናዘዝ?» አለቻቸው።

ቄሰ ገበዙ ወደ ቅዳሴያቸው ተመለሱ። እኔም አድጌ እስካገባ ድረስ በየሰንበቱ ከእሷ ጋር ውጭ ቆምኩ።