ኤክስፕረስ በር ትከፍታለች

በሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል «ኤክስፕረስ» የሚል ስም ያወጡላት ለተንኮል ነው። እርምጃዋ ዝግ ያለ ነው፣ ንግግሯም እንደዚሁ። ችኩል ሰው ጥያቄ ጠይቋት መልሱን ሳይሰማ ይሄዳል። ልጅ ሳለች ሐኪም «አእምሮዋ ከእኩዮቿ ዘግይቶ ነው የሚያድገው» አለ፤ ቤተሰቧም ከዚያ ወዲህ ሁሉን ነገር ቶሎ ቶሎ ይሠራላት ጀመር። እሷ ግን ስሙን ወዳዋለች። «ኤክስፕረስ ደረሰች» ሲሏት ጥርሷ አይከደንም።

አንሶላ ማጠፍ የሁለት ሰው ሥራ ነው። እሷ ሁለቱን ጫፍ ትይዛለች፣ ረጅሟ የሚሏት ባልደረባዋ ደግሞ ሌሎቹን ሁለት። ወጥረው ያራግፉትና አንዷ ወደ ሌላዋ ትሄዳለች። አንዷ በደንብ ሳትይዝ ሌላዋ ከሳበች አንሶላው መሬት ነው፤ የወደቀ ደግሞ ንጹሕ ቢመስልም ተመልሶ ማሽን ይገባል። ስለዚህ እዚያ ክፍል «ጫፉን አልያዝኩም» ከተባለ ሁሉም ቀጥ ይላል፣ አለቃዋ ራሳቸው እንኳ። ኤክስፕረስ ሰው ሲጠብቃት ምን እንደሚመስል ያየችው እዚህ ነው፤ ካየች በኋላ ደግሞ ሌላ ቦታም አማራት።

አንድ ቀን ለእናቷ «የራሴን ክፍል ልከራይ ነው» አለቻት። እናቷ ደነገጠች፣ አለቀሰች፣ ተቆጣች። ወንድሟ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ «ምድጃውን እኔ እገጥምላታለሁ» ብሎ ጭራሽ እሳቱን አባሰው። ኤክስፕረስ ግን ፍንክች አላለችም። በመጨረሻ እናቷ «እንግዲያው አብሬሽ ሄጄ አያለሁ» አለች፤ ሄዱ።

አከራይዋ ጸጉራቸውን በሻሽ የጠቀለሉ ሴትዮ ናቸው። ደረጃው ላይ ቆመው እናቲቱን እያዩ «ልጅት ብቻዋን መኖር ለምን ፈለገች?» አሉ።

«እኔን ይጠይቁኝ» አለች ኤክስፕረስ።

ሴትዮዋ ደንገጥ ብለው ወደ እሷ ዞሩ። «እሺ፣ ለምን ፈለግሽ?»

ኤክስፕረስ ማሰብ ጀመረች። መልሱ ሆዷ ውስጥ አለ፣ ቃሉ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። እናቷ አላስችል አላት። «እሷ እንኳን…»

«እማዬ፣ ጫፉን አልያዝኩም።»

እናቷ ነገሩ ባይገባትም ዝም አለች። አከራይዋም ጠበቁ። ከታች የመኪና ጥሩምባ ጮኸ፣ አንድ ሰው ደረጃውን ወጥቶ አለፋቸው፣ እነሱ እንደቆሙ ናቸው።

«እቤታችን በር ሲንኳኳ» አለች በመጨረሻ፣ «እኔ ስነሳ ሌላ ሰው ይቀድመኛል። ሁልጊዜ። አንድም ቀን በር ከፍቼ አላውቅም። መክፈት እፈልጋለሁ።»

አከራይዋ ቁልፎቹን ከኪሳቸው አውጥተው በእጇ አስቀመጡላት።

ያን ሰሞን ደስታዋ ልክ አልነበረውም! መጋረጃውን ራሷ መረጠች፣ ያውም ወንድሟ ዓይኑን በእጁ የጋረደለትን ብርቱካንማ። አልጋውን ወደ መስኮት አስጎተተችው፣ ወደ ግድግዳ መለሰችው፣ እንደገና ወደ መስኮት። ፈለገችና እራቷን ከመብላቷ በፊት ሻይ ጠጣች። ሁለተኛውን ቁልፍ «ድንገት ብታመም» ብላ ለእናቷ የሰጠቻትም ራሷ ናት። ጥፋቱ የመጣው ከዚሁ ቁልፍ ነው።

ከሥራ ስትመለስ አልጋው ወደ ግድግዳ ተመልሷል። ኩባያዎቹ ቦታ ቀይረዋል። ጠረጴዛው ላይ ትኩስ ምግብ ተከድኖ ተቀምጧል፣ የእናቷ እጅ መሆኑን ከሽታው ታውቃለች። ርቧት ነበር፤ አልነካችውም። ደሟ ፈላ። ከቁም ሣጥኗ አንሶላ መዝዛ እናቷ ቤት ሄደች።

«ያዢ» አለቻት፣ ሁለቱን ጫፍ እየሰጠቻት።

እናቷ የሠላሳ ዓመት ልማዷ ነውና ቶሎ ሳበችው፤ አንሶላው ከኤክስፕረስ እጅ አምልጦ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። እናቷ ልታነሳው ጎንበስ አለች።

«ተይው፣ እኔ አነሳዋለሁ» አለች ኤክስፕረስ። አነሳችው፣ ቀስ ብላ። «ክፍሌም እንደዚህ ነው፣ እማዬ። ካልጠበቅሽኝ ይወድቅብኛል።»

ኤክስፕረስ ቁልፉን መልሳ አልተቀበለቻትም፤ መቀበል ትችል ነበር፣ ግን እናቷ ራሷ እንድትይዘው ፈለገች።

እሑድ ጠዋት ኩባያዎቿን እያጠበች ሳለ ደረጃው ላይ እርምጃ ሰማች። ያ እርምጃ አይጠፋትም። ሳሉም የእናቷ ነው። እርምጃው በሩ ላይ ቆመ። ቁልፍ ከቦርሳ ሲወጣ ተሰማት፤ ኩባያው እጇ ላይ ቀረ። ውጭ ጸጥ አለ። ከዚያ ቁልፉ ተመልሶ ቦርሳ ውስጥ ሲወድቅ ሰማች።

በሩ ተንኳኳ።

«መጣሁ!» አለች። ኩባያውን አስቀመጠች፣ እጇን አደራረቀች፣ ፎጣውን ሰቀለች፣ ጸጉሯን ነካ ነካ አደረገች። በደስታ እግሯ ከወትሮውም ተሳሰረባት።

«አትቸኩይ፣ ቆሜያለሁ» አለች እናቷ ከውጭ።

ኤክስፕረስ መቀርቀሪያውን ሳበች፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና ኮስተር አለች። «ማንን ፈልገው ነው?»

እናቷ ሳቋ መጣ፣ እንባዋም አብሮት። «የቤቱን ባለቤት።»

«እኔ ነኝ» አለች ኤክስፕረስ። «ግቢ፣ እማዬ።»